«አይርስም» የተባለው አበባ

ስለ ራይዞም የማስተምር ሰው ነኝ። ራይዞም ማለት መሬት ውስጥ ወይም መሬት ላይ ተጋድሞ የሚያድግ ግንድ ነው፤ ምሳሌ፦ ዝንጅብል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሶዶ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ለዓመታት ስጽፈው እጄን ጠመኔ እንጂ አፈር ነክቶት አያውቅም ነበር። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ ዝንጅብል ሲተክሉና ሲነቅሉ ያደጉ የገበሬ ልጆች ናቸው። ፈተና ላይ «ምሳሌ ስጡ» ስላቸው «ዝንጅብል» ብለው የሚመልሱት ግን እኔ ስላስተማርኳቸው ይመስለኝ ነበር። የእውቀቴን ልክ ከዚህ ተረዱልኝ።

ከተክል ጋር በእውነት ያስተዋወቁኝ አማቴ ናቸው። አማቴ ሃላሌ አጠገብ፣ ኪንዶ ዲዳዬ ውስጥ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንሰት ሲተክሉ፣ ሲያዛውሩና ሲፍቁ የኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ከጓሯቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። በየካቲት አንድ ዝናባማ ቀን ፍግ ተሸክመው ወደ እንሰቱ ሲወርዱ አዳለጣቸውና በዳሌያቸው ወደቁ። ጎረቤት ድምፃቸውን እስኪሰማ ድረስ እዚያው እንሰቱ ሥር ዝናብ ሲወርድባቸው ቆዩ። ባለቤቴ ይህን እንደሰማች ቢሮዋን ጥላ ሄደችና ይዛቸው መጣች። «ሁለተኛ ብቻዋን አታድርም» አለች። ባለቤቴ እንዲህ ስትል ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

ለአማቴ ግን አላለቀም ነበር። ከሃላሌ ይዘውት የመጡት አንድ ጓዝ ነው፤ ልብሳቸው በሙሉ በአንድ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ራሳቸው በገመዱት የቃጫ ገመድ ጥርቅም ተደርጎ የታሰረ። እሱን ከበሩ ጎን አስቀመጡት፤ አልፈቱትም። ቁም ሳጥን ውስጥ ቦታ ለቀን ብናሳያቸው «ቆንጆ ነው» ብለው አለፉ። የሚለብሱትን እንኳ በጎን ባለች ቀዳዳ እየጎተቱ ያወጣሉ እንጂ ገመዱን አይነኩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ይጠይቃሉ፦ «ዛሬ የሃላሌ መኪና አለ?»

ባለቤቴ አንድ ቀን መንገዱ ጭቃ ነው ትላለች። ሌላ ቀን ነዳጅ ጠፍቷል፤ ሌላ ቀን ሾፌሩ ታሟል። በእኛ ቤት ወሬ ያልታመመ የሃላሌ ሾፌር አልነበረም። ጭንቀቷ ገብቶኝ ነበር፤ የእኔም ጭንቀት ነው። እዚያ ጓሮ ውስጥ ብቻቸውን ዳግመኛ ከወደቁ የሚያነሳቸው ላይገኝ ይችላል። ግን የሰው እናት በር ዘግቶ ማስቀመጥም አይቻልም።

ዳሌያቸውን ለማሳየት ዱቦ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ አገላብጦ አየና «ስብራት የለም፤ ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሱ፤ መቀመጥ አያብዙ» አለ። ከዚህ ሁሉ ባለቤቴ የሰማችው «ቀስ» የምትለዋን ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአማቴ ነገር ሁሉ ክልክል ሆነ። መጥረጊያ ሲያነሱ ይነጠቃሉ። ጎመን ለመቀንጠስ ሲጠጉ ሰሃኑ ይሸሻል። በረንዳ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ተሰጣቸው፤ ጋቢ ተደረበላቸው፤ በጋቢው ላይ ብርድ ልብስ ተደረበ። ከበር ስገባ ፊት ያለው የልብስ ክምር ነበር የሚቀበለኝ። እኔም ከሚስቴ ጋር አብሬ «ይረፉ እንጂ እማማ» እል ነበር። አማቴ ሲያርፉ፣ ሲያርፉ፣ እየከሱ ሄዱ።

አበባውን ያየነው በዚያው በዱቦው ቀን፣ በመጋቢት፣ ወደ ሶዶ የሚመልሰንን ሚኒባስ ስንጠብቅ ነው። በአንድ ግቢ አጥር ውስጥ ቁመቱ ወገብ የሚደርስ፣ እንደ ብርቱ ፀሐይ ቢጫ የሆነ አበባ ተሰልፎ ቆሟል። አንድ አትክልተኛ ጎንበስ ብሎ ሥሩን ይኮተኩታል። አማቴ አጥሩን ይዘው ትኩር ብለው ያያሉ። ሚኒባሱ መጥቶ ረዳቱ እየጮኸ እንኳ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከሃላሌ ከወጡ ወዲህ አንድን ነገር እንዲህ ሲያዩ አይቼ አላውቅም። ያኔ ነው ዘዴው ብልጭ ያለልኝ፦ ለካ አበባ ይወዳሉ! በረንዳው ፊት ለፊት ይህን አበባ ብተክልላቸው ተቀምጠው እሱን ሲያዩ ሃላሌን ይረሳሉ። ብልህ አማች ማለት እኔ ነኝ አልኩ በልቤ።

ተመልሼ አትክልተኛውን አነጋገርኩት። «አሁን አበባው ላይ ነው፤ አይነካም። ሲያልቅ ና፣ ከፍዬ እሰጥሃለሁ» አለኝ። በግንቦት ሄድኩ። ሦስት ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ልክ ዝንጅብል ነው፤ ከላዩ ላይ ብቻ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ አጭር ቅጠል አለው። በፊት የነበረ ሰው ትቶት የሄደ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ወረቀትም ጨመረልኝ። «እኔ እንኳ አላነበውም» አለ፤ «ግን ነገሩ አጭር ነው። ጀርባው ለፀሐይ፣ ሥሩ ለአፈር። ሌላውን ተወው።»

ቤት ስደርስ አማቴ ከልብስ ክምራቸው ውስጥ ሆነው ተቀበሉኝ።

«አስተማሪ፣ ምንድን ነው ያመጣሽው?»

አማቴ አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው። በእሳቸው አማርኛ ወንድና ሴት ቦታ ይለዋወጣሉ፤ እኔ አንዳንዴ «አንቺ» እባላለሁ፤ ልጃቸው ደግሞ «አንተ»። እኔ ሶዶ ተወልጄ አድጌ ወላይትኛ ስናገር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ስለሚስቁብኝ በዚህ ጉዳይ ላይ ማንም ማንንም አያርምም።

«አበባ ነው እማማ። ለእርስዎ ነው።»

«ዝንጅብል ነው።»

«ዝንጅብል አይደለም። አይሪስ ይባላል።»

«አይርስም?»

«አዎ፣ አይሪስ» አልኩ፤ ምን እንዳሉኝ ሳላዳምጥ።

«ይበላል?»

«አይበላም። እንዲያውም መርዝ አለው ይላሉ።»

«ለከብትስ?»

«ለከብትም አይሆንም።»

«ቃጫ ይወጣዋል? ለገመድ?»

«አይወጣውም።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«ያምራል።»

«መቼ?»

«ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት። ሁለት ሳምንት ያህል።»

አማቴ መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ። ይህን ሰው ስታገቢ ምን አይተሽ ነው የሚል አስተያየት ነበር።

ወረቀቱን ዘርግቼ እያንዳንዱን መስመር ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ዓይነቱ ቢጫ፣ ረጅም፣ ባለ ጢም ይላል።

«ጢም?» አሉ አማቴ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ቀና ብለው።

«አበባው ላይ ጢም የሚመስል ነገር አለው።»

«የእኔ ሰውዬ ረጅምና ጢማም ነበር።» አገጫቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። «መልኩም ቀይ ነበር። ብርድ ግን አይወድም ነበር።»

ባለቤቴ ፊቷን ወደ ወጥ ቤቱ አዞረች። እኔ ንባቤን ቀጠልኩ፤ መምህር ነኛ። የቀኑን ግማሽ ፀሐይ ይፈልጋል። ውሃ የሚቋጥር ቦታ ይጠላል። ፍግ አይወድም፤ ፍግ ከበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆናል፣ ይበሰብሳል። ጀርባው አፈር አይለብስም፤ ራቁቱን ፀሐይ መምታት አለበት። በመጨረሻም፣ ከተከላችሁ በኋላ አትንኩት ይላል። «ስለዚህ እማማ» አልኩ፣ ጣቴን እንደ ክፍል ውስጥ አንስቼ፣ «እንዳይነኩት። የእርስዎ ሥራ እዚህ ተቀምጠው ማየት ብቻ ነው።» ስንት ዘመን መሬት ሲቆፍር ለኖረ ሰው የማይነካ ተክል ሰጥቼ ተመልከት ማለቴ ነው። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ያኔ ግን ሦስቱን ቁራጭ በረንዳው ፊት ተክዬ፣ እጄን ታጥቤ፣ እንደ ትልቅ ሰው ሻይ ጠጣሁ።

በሦስተኛው ቀን የተከልኩት ነገር ጀርባ አፈር ለብሶ አገኘሁት። ዶሮ ነው አልኩና አፈሩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠራርጌ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስመለስ ለብሷል። በማግስቱ ገለጥኩት፤ ማታ ለብሷል። ዙሪያውን እሾህ አጠርኩ። እሾሁ እንዳለ አለ፤ አይሪሱ ግን ለብሷል። ከጎረቤቴ ጋር ተጣላሁ። ጎረቤቴ የዶሮዎቹ ባለቤት ነው፤ ጸጥ ብሎ ሰማኝና «የእኔ ዶሮዎች መጫር እንጂ ማልበስ አያውቁም። የሚያለብሱ ከሆነማ ለድንቼም አፈር ያስታቅፉልኝ» አለኝ። እኔ ስገልጥ፣ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ኃይል ሲሸፍን፣ ክረምቱ ገባ።

ቅጠሎቹ መጀመሪያ ወፈሩ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ከጫፋቸው ጀምረው ቢጫ መሆን ያዙ። ሚስቴ «ይኸው ቢጫ ሆነልህ እኮ» አለችኝ፤ በእሷ ቤት ቀልድ መሆኑ ነው።

ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ቤት ዋልኩ። አንድ ረፋድ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ባለቤቴ ቢሮ ናት፤ እኔ በመስኮት አጠገብ ተቀምጬ አነባለሁ። በረንዳው ላይ ያለው የልብስ ክምር ተንቀሳቀሰ። አማቴ ከብርድ ልብሱና ከጋቢው ውስጥ ሹልክ ብለው ወጡ፤ ጋቢው ወንበሩ ላይ ሰው መስሎ ቀረ። ለካ ከበር ስገባ የሚቀበለኝ ክምር ስንት ጊዜ ባዶውን ተቀብሎኛል! በአንድ እጃቸው ጆግ ሙሉ ውሃ፣ በሌላው በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዘው፣ ዝናብ ላይ ወረዱ። አይሪሱ ጋ ቁጢጥ አሉ። ኮባውን ፈትተው የያዘውን ደለደሉበት። ከዚያ ዝናብ እየዘነበ ጆጉን አንስተው አጠጡት።

እኔ ባዶ እግሬን ወጣሁ።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?»

«አጠጣለሁ።»

«ዝናብ እየዘነበ?»

«አንቺ ራስህ ተናገርክ አይደል?» አሉ ተቆጥተው። «አይርስም አልክ። አይርስም ካለማ ውሃ አልጠገበም። አጠጣሁ፣ አጠጣሁ፣ አጠጣሁ። እውነትም አይርስም! ውሃ ይጠጣል፣ ቅጠሉ ይደርቃል። ምን ዓይነት ተክል አመጣሽ?»

ዝናቡ ላይ ቆሜ ነገሩ እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ። እኔ የአበባውን ስም ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸው የሰሙት ግን በሽታውን ነበር። ስንት ወር ሙሉ ያልራሰውን ለማራስ ደክመዋል። ልስቅ አልኩ፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። በእውነት አዝነውለት ነበር።

ተንበርክኬ በእጄ ቆፈርኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር፤ በእኛ ግቢ ግን ላም ሳይውልበት አንድ ስንዝር እበት ወጣ። ወተት የምታመጣልን ሴት ለካ ወተቱን ለእኛ፣ ፍጉን ለአማቴ ስታመላልስ ነው የከረመችው። ከእበቱ ሥር አይሪሶቹ ተገኙ፤ ልፍስፍስ ብለዋል፤ ሽታቸው አፍንጫ ይበጥሳል። ደሜ ፈላ። ግን አማት አይቆጡም። ዞሬ አጥሩን ተቆጣሁት። አንድ ሁለት ጊዜ በእርግጫ ሳልመታው አልቀረሁም።

«ራቁቱን ነበር» አሉ ከኋላዬ በቀስታ። «ጢማም ነው ብለህ፣ ሽማግሌ ነው ብለህ፣ ጀርባውን ዝናብ ይምታው ትላለህ። እኔ ሽማግሌ ራቁቱን አላሳድርም።»

ሽማግሌ ያልኩት ነገር የለም።

ወረቀቱን አመጣሁና የበሰበሰ ሲያጋጥም ምን ይደረጋል የሚለውን አነበብኩ፦ ይነቀላል፤ የሞተው ተቆርጦ ይጣላል፤ የቀረው በደንብ ይደርቃል። ከወጥ ቤት ቢላ ይዤ መጣሁ። ልቆርጥ ስል አማቴ እጄን መታ አደረጉት።

«በእሳት ሳታሳልፍ?»

«ምኑን?»

«ቢላውን! አንዱን ሲያምመው ቆርጠህ ሌላውን ልትነካ? ኡታ እንዲህ ነው ያለቀው።» ኡታ የሚሉት እንሰትን ነው። ያጠወለገው እንሰት የተቆረጠበት ቢላ ጤነኛውን ነክቶ ጓሮ ሙሉ ሲፈጅ በዓይናቸው አይተዋል። ወረቀቱን ወደ ታች ብመለከት «ቢላውን ከጀርም ማጽዳት» የሚል መስመር ነበረበት፤ ዘልዬው ነው።

ቢላውን ምድጃ ላይ አግለው መጡና ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብለው ሥራ ጀመሩ። የለሰለሰውን፣ ነጩ ሥጋ ጋ እስኪደርሱ፣ ላጡት። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፉ ቢላውን መልሰው ያግላሉ። ቁስሉ ላይ አመድ ነሰነሱበት። «አሁን ቁስሉ ይደርቃል፤ ሳይደርቅ መሬት አይገባም» አሉኝ። እኔ ወረቀቱን ይዤ እየተከተልኩ አዎ፣ ይኸም አለ፣ ይኸም አለ እላለሁ፤ ተማሪ ሆኛለሁ። ሦስተኛው ቁራጭ ሞቶ ነበር። ከሁለቱ ግን አራት ደህና ደህና ቁራጭ አወጡ። ፊታቸው ላይ ጭቃ አለ፤ ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ካገኘኋቸው ጊዜ ሁሉ የበለጠ ጤነኛ ይመስላሉ።

ባለቤቴ የገባችው በዚህ መሃል ነው። እናቷን ጭቃ ላይ ስታይ ቦርሳዋን ጥላ ጮኸች። ዳሌሽን! ወገብሽን! ብርዱን! ከወንበሩ ላይ ጋቢውን አንስታ ልታለብሳቸው ሮጠች። አማቴ በወላይትኛ አንድ ነገር አሏት፤ ባለቤቴ ጋቢውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ለእኔ እንዳያመልጠኝ ዞር ብለው በአማርኛ ደገሙልኝ፦

«እሱ የበሰበሰው ተሸፍኖ ነው። እኔንም እንዲሁ ነው የሸፈናችሁኝ።»

ባለቤቴ ጋቢውን ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ መለሰችው። እኔ ሐኪሙ «መቀመጥ አያብዙ» ብሎ እንደነበር አስታወስኩና ለማንም ሳልናገር ዋጥኩት፤ አብሬ ነው የሸፈንኳቸው። ለመጽናናት ያህል ጠየቅኋቸው፦

«ግን እማማ፣ ዱቦ ላይ አበባውን ሲያዩት ወደውት አልነበረም?»

«አበባ?» አሉ። «እኔ ያየሁት የሰውየውን አኮታኮት ነው። መኮትኮቻ እንደዚያ ይያዛል?»

በዚያ ቅዳሜ ስለ ሃላሌ መኪና ሲጠይቁ ባለቤቴ ሾፌር ማሳመም አቃታት። አማቴ እኛን አዩ፤ መስኮቱ ላይ የሚደርቁትን አራት ቁራጮች አዩ። «እሺ» አሉ። «ጢሙን ሳላይ አልሄድም። ጢሙን ካየሁ ግን እሄዳለሁ።»

እንዲህ ተስማማን። ዝናቡ ካለፈ በኋላ በጥቅምት መደብ ከፍ አድርገው፣ ጠጠርና አሸዋ ቀላቅለው፣ አራቱን ተከሉ፤ ጀርባቸውን ለፀሐይ። ከዚያ የቀረውን ግቢ ያዙ። መጀመሪያ ጎመን ገባ፤ ቀጥሎ ጎደሬ፤ ቀጥሎ ከሃላሌ በሰው ያስመጧቸው ሦስት የእንሰት ችግኞች። የኔ የልብስ ማስጫ ቦታ ጠፋ። የወተቷ ሴት ፍግ በይፋ መጣ፤ አይሪሱ ጋ ግን አንድ ጭብጥ አይደርስም። አማቴ በዘንግ እየተደገፉ ጀመሩ፤ ቆየት ብሎ ዘንጉን ዶሮ ማባረሪያ አደረጉት። ጓዙ ብቻ እንደታሰረ ከበሩ ጎን ተቀምጧል።

የመጀመሪያው መጋቢት ቅጠል ብቻ አሳየን። እኔ አዘንኩ። ባለቤቴ ግን በጣም ደስ ብሏት «ምስኪን፣ ገና ልጅ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት» ስትል ሰማኋት። አበባ እንዲህ የምታባብል ሴት አልነበረችም፤ ነገሩን ማጤን ነበረብኝ።

በሁለተኛው ዓመት ጥር ላይ አይሪሱ ጀርባ ላይ እንደገና አፈር አገኘሁ። ቀጥታ ወደ አማቴ ሄድኩ። «እማማ፣ ተስማምተን አልነበረም?» አልኳቸው። አማቴ መጥተው አዩ፤ አፈሩን በጣታቸው ነካ አድርገው «ይሄ የእኔ እጅ አይደለም» አሉ። «እኔ ስሸፍን እንዲህ አላዝረከርክም።»

በማግስቱ ጠዋት አደፈጥኩ። ባለቤቴ ለቢሮ ለብሳ፣ ባለ ተረከዝ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ጆግ ይዛ መደቡ ላይ ስታጠጣ እጅ ከፍንጅ ያዝኳት። ይህች ሴት ጠዋት ስትጸልይ «ጌታ ሆይ፣ አታስቸኩለው» የምትለው ነገር ስለ ሥራ እድገቷ ይመስለኝ ነበር፤ ቢሮ ውስጥ ቦታ ወጥቶ ነበርና።

«ምን ነካሽ?» አልኳት።

«ካበበ ትሄዳለች» አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። «ትሄድና እዚያ ትወድቅብኛለች።»

ጆጉን ተቀበልኳት። ግማሽ ውሃ ነበረበት። እውነቱን ለመናገር ውሃውን ወዲያው አልደፋሁትም፤ ጆጉን ይዤ አይሪሱን እያየሁ ጥቂት ቆሜያለሁ። ከዚያ ጎመኑ ላይ አፈሰስኩት።

አይሪስ ግን የሰው ምክር አይሰማም። የካቲት ሲያልቅ ከማራገቢያው መሃል አንድ ዘንግ ብቅ አለ። አማቴ ጠዋት ጠዋት እየሄዱ በስንዝር ይለኩታል። ጉልበት ደረሰ፤ ከጉልበት አለፈ። ሦስት እምቡጥ ያዘ። እምቡጡ ባበጠ ቁጥር ባለቤቴ ትከሳለች። በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ሆነን አማቴ ከውጭ ተጣሩ፤ ወጣን።

ፈክቶ ነበር። ሦስት ቅጠል ወደ ላይ ተቃቅፎ፣ ሦስቱ ወደ ታች ተዘርግቶ፣ ከላይ እስከ ታች ቢጫ። የተዘረጉት ላይ መሃል ለመሃል እንደ አባጨጓሬ ጠጉራም የሆነ ደማቅ መስመር ይታያል። አማቴ ጣታቸውን አስጠግተው ዳሰሱት።

«ጢሙ ይሄ ነው?»

«እሱ ነው እማማ።»

«የእኔ ሰውዬ ጢም ይበልጥ ነበር።» እንደገና ዳሰሱት። «ግን ሎኦ» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው በተለመደው ድምፃቸው «ዛሬ የሃላሌ መኪና አለ?» አሉ።

ባለቤቴ አፏን ከፈተች። ሾፌሩን ልታሳምመው ነው ብዬ ጠበቅሁ። «አለ» አለች።

በዚህ ጊዜ ከዳሞታ ተራራ ወገን ነፋስ መጣ፤ የበልግን ዝናብ የሚቀድም ነፋስ ነው። አበባው ረጅም ነው፣ ራሱ ከባድ ነው፤ ዘንጉ ጎንበስ አለና ሊሰበር ደረሰ። ረጅሙ ዓይነት ድጋፍ ያስፈልገዋል የሚል መስመር ወረቀቱ ላይ ነበር፤ እሱንም ዘልዬው ነው። አማቴ አንድ ጊዜ ዘለው ዘንጉን በእጃቸው ያዙት። «ቀርከሃ!» አሉኝ። ከአጥሩ ነቅዬ ሰጠኋቸው፤ መሬቱ ላይ ወጉት። «ገመድ!»

እኛ ገመድ ፍለጋ ስንደናበር እሳቸው ዘንጉን ለእኔ አስያዙኝና ወደ በሩ ሄዱ። ከጓዙ አጠገብ ተንበረከኩ። ቋጠሮው ሁለት ዓመት ስላለፈው ጠንክሯል፤ በጥርሳቸው ጭምር ታገሉት። ተፈታ። ልብሳቸው ደጃፉ ላይ ዝርግፍ አለ፤ አንዱን ቀሚስ ነፋሱ እስከ ጎመኑ ወሰደው። አማቴ ዞረው አላዩትም። የቃጫ ገመዳቸውን ይዘው መጡና ዘንጉን ከቀርከሃው ጋር ላላ አድርገው፣ እንዳይቆርጠው፣ ሦስት ቦታ አሰሩት።

«ለጊዜው ነው» አሉ፣ ገመዱን እየጎተቱ እየፈተሹ። «ገመዴን እፈልገዋለሁ።»

ቦርሳዬ ውስጥ የትምህርት ቤቱን ወረቀት የማስርበት ጥሩ ሲባጎ እንዳለ ትዝ አለኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ባለቤቴ እግሬን ረገጠችኝ።